ከመታጠፊያው በታች

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦና ተጣጥፎ በአንድ መዳፍ ላይ ቢቀመጥ ምን ያህላል? ትልልቅ የሚባሉት ሰዎች ይህን ጥያቄ ለሌላው ትተውት ይሄዳሉ፤ የሚመልስላቸው አያጡም። ለሹፌሩ ግን ማን ይመልስለታል? ከመሪው ጀርባ፣ ከግራ ጉልበቱ በላይ፣ መስታወቷ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ፣ ከኮት አዝራር ብዙም የማትበልጥ፣ የሞተሩን ሙቀት የምትናገር ክብ ጌጅ ነበረች። በውስጧ አንድ ቀጭን መርፌ አለ። በስተግራ ሰማያዊ፣ በስተቀኝ ቀይ። እሱ የጉልምስናውንም የእርጅናውንም ዘመን ከሰማያዊው እስከ ቀዩ ባለው በዚያ የጣት ስፋት መንገድ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ። ቤቱ ተቀምጦ ሲያወራ እንኳ ዓይኑ በየመሃሉ ወደ ግራ ጉልበቱ በኩል ዝቅ ይላል። እንግዳ ሰው የሚያፍር ይመስለዋል። ሚስቱ ግን ትስቃለች። «አይዞህ፣ እኔ ገና አልፈላሁም» ትለዋለች።

የሚነዳው የአስከሬን መኪና ነው። ከተማው ግን ሹፌር ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ፈጠን በሉ» ነው ስሙ።

ስሙ የወጣለት እንዲህ ነው። መኪና የተሠራችው ለመሮጥ ነው። ስትሮጥ ነፋሱ በራዲያተሯ ወንፊት ይገባና በሞተሩ ዙሪያ የሚዞረውን ውሃ ያበርድላታል። የቀብር መኪና ግን ከፊቷም ከኋላዋም እግረኛ አለ፤ በሰው እርምጃ፣ ያውም በሐዘንተኛ እርምጃ፣ በአንደኛ ማርሽ ትጎተታለች። ነፋስ የለም። ራዲያተሩን የሚያራግበው ቬንትሌተርም የሚሽከረከረው በሞተሩ ጉልበት ነውና ሞተሩ ቀስ ሲል አብሮት ያንቀላፋል። ነዳጅ ረገጥ አድርጎ እንዳያነቃው፣ በሰው ለቅሶ ላይ ሞተር ማስጓራት ነውር ነው። ሐዘን ቀስ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ብረት መሮጥ ይፈልጋል፤ በሁለቱ መሃል ጥቁር ኮት ለብሶ የተቀመጠው እሱ ነው። ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና አንገቱን አውጥቶ፣ ከፊት ለሚሄዱት በሹክሹክታ «ፈጠን በሉ እባካችሁ፣ ትንሽ ፈጠን» ይላል።

«ምን ያስቸኩልሃል? ሟቹ ቀጠሮ አለው እንዴ?» ይለዋል አንዱ ነገረኛ።

«እሱማ የለውም። እሷ ናት ያላት» ይላል፣ በአገጩ ወደ ኮፈኑ እያመለከተ።

መኪናዋ እሱ እጅ ስትገባ ድሮውንም ያገለገለች ነበረች። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል፤ ዳገት ላይ ስትቆም ከኋላ ጎማዋ ስር የሚወተፍ የእንጨት ታኮ አላት። አንደኛ ማርሿ ይተፋል፤ ካልያዙት ዘሎ ይወጣል። ሹፌሩ የማርሹን ዘንግ በቀኝ ጉልበቱ ተጭኖ ነው ዳገት የሚወጣው፤ ጉልበቱ ጎን ላይ የደደረ ቆዳ አለ። የራዲያተሯ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ግማሾቹ በዝገት ተደፍነዋል። ለዚህ ሁሉ የቀረለት መድኃኒት የጋቢናውን ማሞቂያ መክፈት ነው። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት እየቀነሰ ወደ ሹፌሩ እግር ይነፋል። መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ፣ በዚያ አናት በሚበሳ ጸሐይ፣ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ እሳቱን ወደ ራሱ ያዞረዋል። ላቡ ከግንባሩ ተነስቶ በጉንጩ ይወርዳል። ያየው ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ለማያውቀው ሰው እንዴት ያለቅሳል!» ይላል። እሱም አያስተባብልም። ሰው በሌላው ሞት ላይ የሚያፈስሰው ነገር ከየት እንደሚመነጭ መቼ ተለይቶ ታውቆ ያውቃል?

አዲስ ሹፌር በተቀጠረ ቁጥር ሳይጠየቅ የሚሰጠው ትምህርት ነበረው። «መርፌው ቀስ እያለ ከወጣ ማሞቂያውን ክፈት። ዳገት ላይ ድንገት ከወረደ ግን ደስ እንዳይልህ። መርፌው የሚለካው ውሃውን ነው፤ ውሃው ካለቀ ምን ይለካል? እሳት ውስጥ ቁጭ ብለህ ብርድ ነው ይልሃል። ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ይነፋብሃል። ያን ጊዜ ቁም። ቁልፉን አጥፋ። ክዳኑን ሳትነካ ወርደህ ተቀመጥ።» ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፤ ጣቱን ያነሳል። ሰሚው ቢያዛጋም ግድ የለውም።

ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በሁለት ረጃጅም ግንቦች መሃል የሚወጣ ዳገት ነው። አጋማሹ ላይ መታጠፊያ አለ። እስከዚያ ድረስ ከግንብ በቀር የሚታይ ነገር የለም። መታጠፊያው ላይ ግን መንገዱ ትንሽ ሜዳ ይላል፤ የግራው ግንብም ዝቅ ይልና የታችኛው ሰፈር ጣሪያ በሙሉ ፊት ለፊት ይዘረጋል። ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአንድ በጋ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተርን አስከሬን ይዞ ሲወጣ መርፌው ቀዩን ነካ። ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ አየው። ምን ይበል? «ልትፈላብኝ ነው» ይበል? ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ፤ ድንጋጤው እንዳይታይበት ነበር። ከፊት ያሉት አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ ያሉትም ደፉ። የሚያለቅሱት ጸጥ አሉ። የሚሰማው የኮፈኑ ብረት እየበረደ ቅው፣ ቅው ሲል ብቻ ነበር። በኋላ የሟች ልጅ መጥታ ለምን እንዳቆመ ጠየቀችው። አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«ቤታቸውን ይሰናበቱ ብዬ ነው።»

እጁን ይዛ አለቀሰች።

በዚያው በቀረ ደግ ነበር። ሰው ግን ወደደው። «መታጠፊያው ላይ ታቆምልናለህ አይደል፣ ጋሼ?» እያለ ቀድሞ የሚለምን መጣ። ቆይቶ ልመናውም ቀረ፤ ሕዝቡ እዚያ ሲደርስ በራሱ ይቆማል፣ በራሱ አንገቱን ይደፋል። ውሃ ለማብረድ የተጀመረ ነገር የአንድ ከተማ ስንብት ሆነ። የብዙ ትልልቅ ነገሮች ሥር ቢማስ ከዚህ የተሻለ ይገኝበት እንደሆነ እንጃ። እውነቱን የሚያውቁት እሱ፣ ሚስቱና መካኒኩ ነበሩ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የመኪናዋን ጥቁር መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት። «ላብህ ገበር ይበላል» እያለች የኮቱን ገበር ስትቀያይር ኖረች። ልጅ አልሆነላቸውም። ቤታቸው አንድ ክፍልና ጓዳ ነው፤ አልጋው መስኮቱ ስር፣ የስፌት መኪናው ጥግ ላይ። እሱ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዛሬስ ፈላች?» ብላ ነበር። መታጠፊያው ላይ የሆነውን ሲነግራት፣ የትኛው ባለሥልጣን እንዴት አድርጎ አንገቱን እንደደፋ፣ የትኛዋ ሴትዮ በአንድ ዓይኗ እንዳጮለቀች ሲነግራት፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ እስኪያማት ትስቃለች።

ከዚያ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ የአስከሬን መኪና ከነሹፌሩ ባመጣበት ሰሞን፣ ታመመች። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለበሰ። ትኩሳቱ የሚነሳባት ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግንባሯን ይነካል፤ እንደነካም ዓይኑ ሳያስበው ወደ ግራ ጉልበቱ ዝቅ ይላል።

«እዚያ የለሁም። እዚህ ነኝ» አለችው አንድ ቀን።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ሰውዬ፣ እኔን ለዚያ ለአዲሱ ሹፌር እንዳትሰጠኝ።»

«ምን የሚሉት ወሬ ነው አሁን?»

«ሰምተሃል። አዲሲቷ መኪና ቆንጆ ናት አሉ፤ ድምፅም የላትም አሉ። ይሁን። እኔን አንተው አድርሰኝ። መታጠፊያው ላይም አቁምልኝ።»

«እሱማ ለራዲያተሩ…»

«ለራዲያተሩ እንደሆነ ለኔ ነው የምትነግረኝ?» ሳቅ ሞከራትና ሳል ሆነ። እስኪያልፍ ጠበቀች። «ለብረት ብለህ ጀመርከው፤ ለሰው ሆነ። ጣሪያችን ከዚያ ላይ ይታያል ብለኸኛል አይደል? ያቺ በሰማያዊ ቆርቆሮ የጠገንካት።»

«ከሁሉ ተለይታ ትታያለች።»

«እኔ አይቻት አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ከስሯ ነው ያለሁት።»

«ሲሻልሽ እወስድሻለሁ።»

«ሲሻለኝማ በእግሬ እሄዳለሁ። እኔ ሳይሻለኝ ነው ያልኩህ።»

እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል የሚሰፋ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«አቆምልሻለሁ» አላት።

አቆምልሻለሁ ማለት ቀላል ነው። ሰው ለሚሞት ሰው ቃል ሲገባ ማን ጉልበቱን ለክቶ ይገባል? እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱን በእንቅልፍ ልቡ እየወጣ፣ መርፌው ቀዩን ሲነካ ይባንን ነበር።

ስትሞት ታላቅ ወንድሟ መጣ። ትልቅ መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ሲቆም እንኳ ጠረጴዛ ከፊቱ ያለ የሚመስል ሰው ነው። አዲሲቷን መኪና ሊያዝ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ እህቱን የሚያደርሳት ባሏ በአሮጌዋ እንደሆነ ሲነግሩት ተመልሶ መጣ።

«እህቴን በዚያች ቆርቆሮ?»

«እሷ ናት ያለችኝ፣ ጋሼ።»

«ታማሚ ብዙ ይላል። አዲሲቱ ለምን ተገዛች?»

«አዲሲቱን እንድነዳ አልተፈቀደልኝም። ለሌላ ሰው እጅ እንዳልሰጣት ለምናኛለች። እባክዎ።»

ወንድምየው ለቀስተኛው እያየው ስለነበር ትንሽ አሰበና እሺ አለ። «ግን እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ» አለ። የተሰጠ ፈቃድ ሳይሆን የተያዘ ቂም ይመስል ነበር።

ሹፌሩ በማለዳ መኪናዋን ይዞ ወደ መካኒኩ ሮጠ። መካኒኩ ወዳጁ ነው፤ ሐዘኑን በቃል አልገለጸለትም፤ ኮፈኑን ነው የከፈተለት። የኋላ ጎማዋን በታኮ ወትፈው፣ ውሃዋን አፍስሰው፣ ራዲያተሯን በቱቦ ውሃ አጠቡት። የወጣው ውሃ የጡብ ቀለም ነበረው። መካኒኩ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጣቱ ጨበጥ ሲያደርገው ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ቱቦ አይደለም፤ ፊኛ ነው።»

«ሌላ የለህም?»

«ለዚች? የሷ እኩዮች ቀልጠው ድስት ሆነዋል።»

«ገበያውስ?»

«ገበያው እስኪከፈት ለቀስተኛው ይጠብቅሃል? ስማኝ፣ አዲሷን…»

«አዲሷን አትበለኝ።»

መካኒኩ አየት አደረገውና አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በረጅሙ ቀደደ። ያበጠውን ቱቦ እንደ ተሰበረ ክንድ ጠቀለለው፤ በሽቦም አጠበቀው።

«ሜዳውን ያደርስሃል። ለዳገቱ አልምልልህም። መታጠፊያው ላይ ግን አሳርፋት። በደንብ አሳርፋት፤ እሺ?»

«እዚያማ አቆማለሁ» አለ ሹፌሩ። «እዚያ ሳላቆም አላልፍም።»

ተቻኩለው ወጡ። ታኮው ጋራዡ ወለል ላይ ቀረ። ይህን ማናቸውም አላዩም።

ቀኑ ደመና የሌለበት ነበር። ሰው ብዙ ነው የመጣው፤ ለአንዱ ሱሪ ያሳጠረች፣ ለሌላዋ የሙሽራ ልብስ የሰፋች፣ ለስንቱ ቁልፍ በነጻ የተከለች ሴት ነበረችና። ከፊት ጎረቤቶቿ፣ ከኋላ ሴቶቹ፣ መሃል ላይ መኪናዋ። ሜዳውን በደህና አለፉት። መርፌው መሃል ላይ ነው። ወንድምየው ጋቢና ውስጥ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ወደ ፊት ብቻ ያያል።

ዳገቱ ተጀመረ። ሹፌሩ ዘንጉን በጉልበቱ ተጫነ። መርፌው ተነሳ። ማሞቂያውን ከፈተ፤ እሳቱ ከሁለቱም እግር ስር ፈሰሰ።

«ምንድን ነው ይሄ? አጥፋው!»

«አይቻልም፣ ጋሼ። እሷ እንድትበርድ እኛ መሞቅ አለብን።»

ወንድምየው ክራቫቱን አላላ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ለመናገር አፍሮ አያውቅም።

«ፈጠን በሉ እባካችሁ… ትንሽ ፈጠን…»

ከፊት የምትሄድ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ዞር አለች። «ለሷም? ዛሬ እንኳ ተዋት እንጂ፣ ልጄ!»

«ዛሬስ አንቸኩልም፤» አለ ሌላው፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ቀስ ብለን ነው የምንሸኛት። ለማን ብለን ልንቸኩል ነው?»

እውነትም ቀስ አሉ። ይወዷት ስለነበር እርምጃቸው ከወትሮው አጠረ። እያንዳንዱ ሰው ከፍቅሩ የተነሳ አንዲት እርምጃ ይቆጥባል፤ መርፌውም በያንዳንዷ ላይ ከፍ ይላል። ሹፌሩ ይህን ያያል። ሰውን «አትውደዷት» ብሎ መጮህ እንዴት ይቻላል?

«መታጠፊያው ላይ እናቆማለን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አናቆምም» አለ ወንድምየው።

«እንዴት?»

«እኔ እንደ ሕዝቡ የማላውቅ መሰለህ? እህቴ ነግራኛለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ያ ሁሉ አንገት መድፋት ለውሃህ ማብረጃ እንደሆነ አውቃለሁ። በሌላው ሰው ሬሳ እንደፈለግህ ሁን። እህቴን ግን ለራዲያተር ብለህ መንገድ ላይ አትገትራትም።»

«ለራዲያተር አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ሹፌሩ አፉን ከፈተ። በአልጋው ጫፍ የተባለው ሁሉ ጉሮሮው ላይ መጣ፤ ሳሉ፣ ብርድ ልብሱ፣ ዕድሜ ልኬን ከስሯ ነው ያለሁት ያለችው። የወጣው ግን አንድ ቃል ነበር።

«ጣሪያው…»

«የምን ጣሪያ?»

መርፌው ቀዩን ነካ። ከኮፈኑ ስር አንድ ነገር ተነፈሰ፤ እንደ ረጅም ኡፍታ ያለ ድምፅ ነው፤ በለቅሶው መሃል አልተለየም። ሹፌሩ ሁለት እጁን በመሪው ላይ አጥብቆ አንድ ነገር ብቻ ለመነ። የለመነው ማንን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። እስከ መታጠፊያው፣ እስከዚያ ብቻ።

መርፌውም ቆመ። ትንሽ ተንቀጠቀጠና ወረደ። ከቀዩ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ሰማያዊው፣ ወረደ። እግሩ ስር የነበረው እሳት ለዘበ፤ ቀጥሎም ቀዝቃዛ አየር በሱሪው እግር ገባ፣ የሚያድስ፣ የምንጭ ዳር የሚመስል አየር።

ያውቅ ነበር። ከእርሱ በላይ የሚያውቅ በዚያ ዳገት ላይ አልነበረም። ጣቱን እያነሳ ስንቱን አስተምሮበታል። ግን ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ሁልጊዜ አያምነውም፤ አንዳንድ ቀን ዕውቀት ደጅ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ ውስጥ ያለው ሰው ከሌላ ጋር እያወራ ነው። ሹፌሩ ያን ቅዝቃዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲያገኘው የእሷ እጅ መሰለው። አዘነችልኝ አለ በልቡ። ደረሰችልኝ።

«አየህ?» አለ ወንድምየው፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «ሳታቆምም በረደ።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሹፌሩ ትከሻ ወርዶ ነበር። የመጣለት ሐሳብ አስገረመው። እንግዲህ ራዲያተሩ ማረፍ አያስፈልገውም፤ መኪናዋ ለራሷ የምትፈልገው ነገር የለም። አሁን መታጠፊያው ላይ ቢያቆም፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ አንዳች ሰበብ ለሰው ብቻ ብሎ ማቆሙ ነው። ወንድምየው ይጩህ፤ ሕዝቡ ይሳቅ። ባርኔጣውን ያወልቃል። የኋላውን በር ከፍቶ «ያቻትልሽ፣ ሰማያዊዋ» ይላታል። የዚያ ሁሉ ዘመን ውሸት በዚያች ቅጽበት ይታጠባል። የመታጠፊያው ጥግ ታየው። ግንቡ ዝቅ ማለት የሚጀምርበት ድንጋይ ታየው።

ሞተሩ ሲሞት ትልቅ ድምፅ አላሰማም። ጥርሱን አንድ ጊዜ አፋጨና ቀጥ አለ። ዘንጉ ከጉልበቱ ስር ዘለለ፤ ማርሹ ተተፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላ ሴቶቹ ጮኹ። ሹፌሩ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቆመ።

ቆመች። ከመታጠፊያው በታች፣ ግንብና ግንብ መሃል።

«ታኮ!» አለ። «ከኋላ ታኮ አለ፣ ከጎማው ስር አድርጉልኝ!»

አንዱ ፈለገ። «የለም እኮ፣ ጋሼ!»

ያን ጊዜ ጋራዡ ወለል ላይ እንዳለ በዓይኑ መጣበት። «ድንጋይ! ድንጋይ ፈልጉ!» መንገዱ ግን አስፋልት ነው፤ ግንቡም የተለሰነ። አንድ ሰው ግራ ገብቶት ጫማውን አውልቆ ከጎማው ስር ሊወትፍ ጎንበስ አለ። ሹፌሩ እግሩን ቢያላላ መኪናዋ ጫማውንም ሰውየውንም ሴቶቹንም ይዛ ትወርዳለች። ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ከብዷል።

ወንድምየው ወርዷል። «ይኸው! ይኸው ነው የፈራሁት!» ይላል ለሕዝቡ። «በሉ አውጧት። በሸክም ነው የምንወስዳት። ኑ፣ ጎበዞች!»

«ቆዩ!» አለ ሹፌሩ። «ትንሽ ቆዩ፣ ትብረድና እኔው…» ቃሉን አልጨረሰውም። እንዳበቃላት ከማንም በላይ ያውቃል፤ አሁን ዕውቀቱ ተመልሶለታል።

የኋላው በር ተከፈተ። ዞሮ ማየት አይችልም። ግን ሲያወጧት በወንበሩ በኩል ተሰማው፤ ክብደቱን የተሸከመው የመኪናዋ ባሌስትራ ቀና አለ፣ ትንሽ፣ እሷ የምታህለውን ያህል። በመስኮቱ አጠገብ አለፉ። እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ የሳጥኑን ጠርዝ አገኙትና አጡት።

«እኔም ልሸከማት፤ አንድ ሰው ፍሬኑን ይያዝልኝ!» አለ። ያጠገቡ ሰው መኪና ነድቶ እንደማያውቅ በምልክት ነገረው። ሌላው «አይዞህ፣ አንተ እረፍ፤ እኛ እናደርሳታለን» አለው።

እናደርሳታለን። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ።

«ጋሼ! እባክዎ! መታጠፊያው ላይ ትንሽ አሳርፏት! ፊቷን ወደ ታች፣ ወደ ሰፈሩ አድርጉልኝ። ለራዲያተር አይደለም! ጣሪያችንን አይታው አታውቅም!»

ወንድምየው ከሳጥኑ ፊት፣ በቀኝ በኩል፣ ትከሻውን ሰጥቶ ነበር። ሰማም አልሰማም ዞር አላለም። በፊት መስታወቱ ሹፌሩ ሁሉንም አየ። ሳጥኑ በሰው ራስ ላይ እየተወዛወዘ ወጣ። ከፊት የነበሩት መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ በልማዳቸው እግራቸው ሰነፈ። አሮጊቷ ጎረቤት አንገቷን ልትደፋ ጀመረች። ግንቡ ዝቅ ብሎ ብርሃን ሳጥኑ ላይ አረፈ።

«ወደ ፊት!» አለ የወንድምየው ድምፅ። «ከብዷል፣ ጸሐይ ነው! ፈጠን በሉ፣ እባካችሁ ፈጠን በሉ!»

ያን ጊዜ ሕዝቡ ፈጠን አለ። ያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ያልፈጠነ ሕዝብ፣ እየተገፋፋ መታጠፊያውን አለፈ። ሹፌሩ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ እንደቆመ፣ ላቡ ይሁን ሌላ ነገር በጉንጩ እየወረደ፣ ለማንም ሳይሆን ለባዶው መንገድ ይደጋግመው ነበር፤ «ትንሽ ብቻ። መታጠፊያው ላይ ትንሽ ብቻ አቁሙልኝ።»